ይህ አቋም የኔ ነው ወይስ የስልኬ?

አንድ ማታ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ቪዲዮ ላክሁ። ፖሊሶች ባዶ እጃቸውን የወጡ ሰልፈኞችን ሲደበድቡ ያሳያል። ከሥሩ «ይኸው፣ ያልኳችሁ ይሄንን ነው!» ብዬ ጻፍኩ። ሃያ ደቂቃ አልቆየም፣ የአክስቴ ልጅ መለሰች፦ «ይሄ እኮ የዛሬ ስድስት ዓመት የተቀረጸ ነው። አገሩም ሌላ ነው። ከኋላ ያለውን ማስታወቂያ እስቲ ተመልከተው፣ በምን ቋንቋ ነው የተጻፈው?»

አጠፋሁት። ይቅርታም ጠየቅኩ። የገረመኝ ነገር የመጣው በማግስቱ ነው። ቪዲዮው እኔ ያልኩት እንዳልሆነ አውቄያለሁ፤ ንዴቱ ግን አልበረደም። በንዴቱ ላይ የተከልኩት ሐሳብም ንቅንቅ አላለም። ማስረጃው ሄደ፣ አቋሙ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ለራሴ አንድ አሠራር አበጀሁ። የማካፍላችሁ እሱን ነው። ትክክለኛውን ፓርቲ ወይም ትክክለኛውን ወገን አይነግራችሁም። የያዛችሁት አቋም ሲጠየቅ ግን «አስቤበት ነው» ለማለት ያስችላችኋል። የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና ሁለት ሳምንት ነው። ደብተር ያልኩት ለጌጥ አይደለም። ስልክ ላይ ልጻፍ ብላችሁ ስትከፍቱት ሦስት ኖቲፊኬሽን ቀድሞ ይጠብቃችኋል።

ወጣት ከሆናችሁ ነገሩ ይበልጥ ይመለከታችኋል። ቴዎዶር ኒውኮምብ የተባለ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ቤኒንግተን በሚባል ኮሌጅ የሚማሩ ሴቶችን አጥንቶ ነበር (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ)። አብዛኞቹ ከሀብታምና ከወግ አጥባቂ ቤት የመጡ ናቸው። ኮሌጁ ውስጥ በቆዩ ቁጥር ብዙዎቹ የቤታቸውን ፖለቲካ እየተዉ ሄዱ። ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ተፈልገው ሲጠየቁም፣ አብዛኞቹ ኮሌጅ ሳሉ የያዙትን አልለቀቁም። በዚያ ዕድሜ የሚያዝ አመለካከት ቶሎ አይለቅም ማለት ነው። ያኔ የቀረጿቸው ጓደኞቻቸውና መምህሮቻቸው ናቸው። አሁን ከጓደኛም ከመምህርም ይልቅ አብሯችሁ የሚያመሸው ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

1. ያላችሁን ቁጠሩ

ደብተሩን ክፈቱና አጥብቃችሁ የምታምኑባቸውን አምስት ፖለቲካዊ ሐሳቦች ጻፉ። አታሳምሯቸው። «ግብር በዝቷል» በቂ ነው። «ፖለቲከኛ ሁሉ ሌባ ነው»ም ይሁን፣ ጻፉት። ከዚያ በየአንዳንዱ አጠገብ አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ይህን ከየት አመጣሁት?

እኔ ስሞክረው ከአምስቱ ምንጩን በትክክል የማውቀው ሁለቱን ብቻ ነበር። አንዱን ከአባቴ ወርሼዋለሁ፤ ቢያንስ የሱን ባለቤት አውቀዋለሁ። አንዱ የአንድ ኮሜዲያን የአርባ ሰከንድ ክሊፕ ሆኖ ተገኘ። የቀሩት ላይ የጻፍኩት «ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው» የሚል ነው። እንዲህ ብላችሁ የጻፋችሁበት ላይ ክብ አድርጉበት። «ሁሉም ያውቀዋል» ማለት አብዛኛውን ጊዜ «ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ» ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ ማየት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። በ1977 የታተመ አንድ ሙከራ ላይ ተሳታፊዎች በሁለት ሁለት ሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ እየተጠሩ ዓረፍተ ነገሮች ቀረቡላቸው፤ ስለ እውነትነታቸውም ተጠየቁ። የተደጋገሙትን ዓረፍተ ነገሮች፣ እውነት ይሁኑም አይሁኑም፣ በየዙሩ ይበልጥ እያመኗቸው ሄዱ። አዲስ ማስረጃ አልተጨመረም። ጆሯቸው ለመደው፣ በቃ። አባቶች «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ያሉት ያለ ነገር አይደለም።

2. ማን እያቀረበላችሁ እንደሆነ እወቁ

ፊዱ ላይ የሚመጣው «ዛሬ የሆነው» አይደለም። ብዙ ሰው እንዲቆይበት ተብሎ የተደረደረ ነው። አንድ ምሳሌ ይበቃል። ፌስቡክ ከ2017 ጀምሮ፣ የተናደደውን ፊት ጨምሮ፣ የስሜት ምልክቶቹን ከአንድ ላይክ አምስት እጥፍ ይመዝናቸው ነበር። ሰው የተናደደበት ፖስት ወደ ላይ ይወጣል፣ ላይክ ያገኘው ከታች ይቀራል። ክብደቱ በየጊዜው ተቀንሶ በ2020 የንዴቱ ዜሮ ሆነ። ያኔ ግን ስንት ሰው ስንት አቋም ይዞ ነበር!

ጥፋቱን ሁሉ ማሽኑ ላይ አንጣል ግን። በ2018 የወጣ የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ጥናት ከ2006 እስከ 2017 ትዊተር ላይ የተሰራጩ 126,000 ገደማ ወሬዎችን መርምሯል። ሐሰተኛው እንደገና ሼር የመደረግ ዕድሉ ከእውነተኛው በ70 በመቶ ይበልጥ ነበር። እውነተኛው 1,500 ሰው ዘንድ ለመድረስ ስድስት እጥፍ ገደማ ጊዜ ፈጅቶበታል። ለዚህ ልዩነት ዋናዎቹ ተጠያቂዎች ሮቦቶች (በፕሮግራም በራሳቸው የሚለጥፉ አካውንቶች) አልነበሩም። ሰው ነው። በሬ ወለደ የሚለው ወሬ አዲስ ነው፣ ያስደንቃል፤ በሬ በሬ ሆኖ ዋለ የሚለውን ማን ሼር ያደርጋል?

የዚህ ደረጃ ሥራ አጭር ነው። ለሦስት ቀን አፑን በዘጋችሁ ቁጥር የተሰማችሁን በአንድ ቃል ጻፉ። «ንዴት»፣ «ፍርሃት»፣ «ሳቅ»፣ «ምንም»። በሦስተኛው ቀን ዝርዝሩን እዩት። «ንዴት» ያላችሁበት ሰዓት ላይ ምንም አቋም አትያዙ፣ ኮሜንትም አትጻፉ። ኖቲፊኬሽኑን አጥፉና ዜና የምታዩበትን ሰዓት በቀን ሁለቴ አድርጉት። አገር ምድሩን የሚያናውጥ ነገር ከተፈጠረ፣ አትጨነቁ፣ ሰው ይነግራችኋል።

3. አንድ ጥያቄ ብቻ ምረጡ

በዓለም ላይ ስላለው ነገር ሁሉ አቋም እንዲኖራችሁ የሚጠብቀው ፊዱ ብቻ ነው። እናታችሁ አይጠብቁም። «ገና አላየሁትም» ማለት ሙሉ መልስ ነው፤ መጀመሪያ ሲሉት ይከብዳል እንጂ ይለመዳል።

ስለዚህ ለሁለቱ ሳምንት አንድ ጥያቄ ያዙ። ጥያቄው አዎ ወይም አይ ሊባል የሚችል ይሁን። «ወጣቱ ተረስቷል» ጥያቄ አይደለም፣ ስሜት ነው። «የመምረጫ ዕድሜ ከ18 ወደ 16 ዝቅ ይበል?» ግን ጥያቄ ነው። የሞከሩት አገሮች አሉ፣ የሆነውን ማየት ይቻላል፣ የሚደግፍም የሚቃወምም ጨዋ ሰው አለ።

እኔ የመረጥኩት ይህን ነው። ምክንያት ነበረኝ። የላክሁትን ቪዲዮ ያጋለጠችው የአክስቴ ልጅ ያኔ 16 ዓመቷ ነበር። እኔ ሠላሳን ተሻግሬ የፈለግኩትን መርጬ እገባለሁ፤ እሷ ገና ነች። ይህ ነገር ትንሽ ቆጠቆጠኝ። ስለዚህ ስጀምር ደጋፊ ነበርኩ ማለት ነው። ይህንንም ደብተሩ ላይ ጻፍኩት፦ «ገና ሳላነብ፣ 80 በመቶ እደግፋለሁ።» እናንተም መነሻችሁን በቁጥር ጻፉ። በኋላ ለመሸወድ አይመችም።

4. ከማንበባችሁ በፊት አስረዱ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እንዳትዘሉት።

አንድ ገጽ ላይ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ጻፉ። ለምን እንደምትደግፉት አይደለም፤ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ሕጉ ነገ ቢወጣ ማን ምን ያደርጋል፣ ከዚያስ ምን ይከተላል? በ2013 የወጣ ጥናት ላይ ሰዎች አጥብቀው የያዙትን የፖሊሲ አቋም አሠራሩን ደረጃ በደረጃ እንዲያስረዱ ተጠየቁ። ሲሞክሩት የሚያውቁት ካሰቡት ያነሰ ሆኖ አገኙት፣ አቋማቸውም ለዘብ አለ። የሚደግፉበትን ምክንያት ብቻ እንዲዘረዝሩ የተጠየቁት ግን እንዲያ አልሆኑም። ምክንያት መደርደር ለማንም አያቅትም።

የኔ ገጽ አምስተኛው መስመር ላይ ቆመ። የ16 ዓመት ልጅ ከመረጠ መወዳደርስ ይችላል? መምረጥ ግዴታ በሆነበት አገር ልጁም ይገደዳል? ለሁሉም ምርጫ ነው ወይስ ለአንዳንዱ? አላውቅም፣ አላውቅም፣ አላውቅም። እነዚህ ባዶ ቦታዎች የንባብ ዝርዝሬ ሆኑ። ፊዱ ያመጣልኝን ሳይሆን የጎደለኝን ፍለጋ ወጣሁ ማለት ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

መልሶቹ በአንድ ማታ ተገኙ። ብራዚል ከ1988ቱ ሕገ መንግሥቷ ጀምሮ የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች በፈቃዳቸው ይመርጣሉ፤ ግዴታው ከ18 ይጀምራል። ኦስትሪያ በ2007 ዕድሜውን ለአገራዊ ምርጫ ወደ 16 አወረደች፤ ለፓርላማ ለመወዳደር ግን 18 መሙላት ያስፈልጋል። አርጀንቲና በ2012፣ ማልታ በ2018 ተከተሉ። ስኮትላንድ በ2014ቱ የነፃነት ሕዝበ ውሳኔ ላይ ሞክራ፣ ቀጥላ ለራሷ ፓርላማ ምርጫ ፈቀደች። ይህን ሁሉ ሳላውቅ 80 በመቶ ብዬ ነበር።

5. ነገርን ከሥሩ

«ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ይባላል። አብዛኛው ጊዜያችሁ የሚያልቀው እዚህ ነው።

ሳም ዋይንበርግና ሣራ ማግሩ የተባሉ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች የታሪክ ምሁራንን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንና ሙያቸው መረጃ ማጣራት የሆነ ሰዎችን የማያውቋቸው ድረ ገጾች ፊት አስቀመጧቸው። ምሁራኑና ተማሪዎቹ ገጹን ከላይ እስከ ታች በጥንቃቄ አነበቡት። ሎጎውን አዩ፣ «ስለ እኛ» የሚለውን አነበቡ፣ ብዙዎቹም ተሸወዱ። አጣሪዎቹ ግን ወዲያው ገጹን ትተው ወጡ። አዳዲስ ታብ ከፍተው ሌሎች ስለዚያ ገጽ ምን እንደሚሉ ፈለጉ። ቶሎም ጨረሱ፣ ትክክልም ሆኑ። ሰውዬው ስለ ራሱ የሚነግራችሁን ሰምታችሁ ብቻ ገንዘብ አታበድሩትም፤ የሚያውቁትን ትጠይቃላችሁ። ይኸው ነው።

የራሴን ላሳያችሁ። ስለ መምረጫ ዕድሜ ሳነብ አንድ ካርድ ደጋግሞ መጣብኝ። ሰማያዊ አእምሮ ተስሎበታል፣ ከሥሩ በትልቁ «የሰው አእምሮ እስከ 25 ዓመት አይበስልም!» ይላል። ኮሜንቱ ደግሞ «ታዲያ እንዴት በ16 ይመርጣሉ?» በሚል ተሞልቷል።

መጀመሪያ ከካርዱ ወጥቼ የገጹን ስም ፈለግኩ። የማስታወስ ችሎታ ይጨምራል የሚሉትን እንክብል የሚሸጥ ገጽ ሆነ። ይህ ግን ብቻውን ሐሰት አያደርገውም፤ እንክብል ሻጭም እውነት ሊናገር ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ፣ ነገሩን ራሱን ፈለግኩ። አእምሮ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ ድረስ መቀየሩን እንደሚቀጥል እውነት ነው። 25 ላይ የሚከፈት በር ግን የለም። ነገሩ ቀስ በቀስ የሚሄድ ነው፤ ቁጥሩ ለካርድ ስለሚመች ተመርጧል። ሦስተኛ፣ ወደ ጥናቶቹ ወረድኩ። በ2019 የወጣ አንድ ጥናት በ11 አገሮች ከ10 እስከ 30 ዓመት የሆኑ ከ5,000 በላይ ሰዎችን ይዟል። ውጤቱ ሁለት ዓይነት ብስለትን ይለያል። ረጋ ብሎ ማመዛዘን 16 ዓመት ገደማ ላይ የአዋቂ ደረጃ ይደርሳል። በስሜትና በጓደኛ ግፊት መሐል ራስን መግታት ግን ከ18 በኋላም ገና ይበስላል።

ስለዚህ ካርዱ ግማሽ እውነት ነው። ጥያቄውም ተቀየረ፦ መምረጥ የትኛው ዓይነት ሥራ ነው? ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል፣ ለማሰብ ወራት አሉ፣ ድምፁም በሚስጥር ነው። ወደ ረጋ ያለው ያደላል። ስክሮል እያደረጉ አቋም መያዝ ግን ያለ ጥርጥር ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ በዚህኛው ደግሞ ሠላሳ ዓመት የሞላንም ብንሆን የምንመካበት የለንም።

ለፎቶና ለቪዲዮ አሠራሩ ሌላ ነው። ፎቶውን በምስል መፈለጊያ አስገቡና ከዚህ በፊት የትና መቼ እንደወጣ እዩ። ቪዲዮ ከሆነ አንድ ሁለት ቦታ ላይ አቁማችሁ ስክሪንሾት አንሱና እሱን ፈልጉ። ማስታወቂያዎችን፣ የመኪና ታርጋን፣ የአየሩን ሁኔታ ተመልከቱ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራውን ጣት ቆጥሮ መለየት የድሮ ወሬ ሆኗል፣ አሁን ጣቱም ልክ ነው። የሚያዋጣው ሌላ ጥያቄ ነው፦ መጀመሪያ ያወጣው ማን ነው? እዚያ የነበረ ሌላ ሰውስ ከሌላ አቅጣጫ ቀርጾታል? ሺህ ሰው የነበረበት ቦታ አንድ ካሜራ ብቻ ከነበረ ተጠራጠሩ።

ቻትቦት ከጠየቃችሁም ምንጭ እንዲሰጣችሁ አድርጉና ምንጩን ራሳችሁ ክፈቱት። የሌለ ጽሑፍ አሳምሮ ሊጠቅስላችሁ ይችላል።

ስንት ምንጭ ይበቃል? ሦስት እላለሁ። ግን ሦስቱም አንዱን እየጠቀሱ ከሆነ አንድ ናቸው።

6. ከእናንተ ጋር የማይስማማ አንድ ሰው ፈልጉ

የተለመደው ምክር «ተቃራኒዎቻችሁን ፎሎው አድርጉ» የሚል ነው። እኔ አልስማማም። በ2018 የታተመ ሙከራ ላይ የአሜሪካ ትዊተር ተጠቃሚዎች የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ የሚያሰራጭ አካውንት ለአንድ ወር እንዲከተሉ ተደረገ። ሪፐብሊካኖቹ ከበፊቱ ይበልጥ ወግ አጥባቂ ሆነው ወጡ። ዴሞክራቶቹም ቢሆኑ ወደ መሐል አልመጡም። ፊድ ላይ የሚያገኛችሁ ተቃራኒ አብዛኛውን ጊዜ ከወገኑ ሁሉ ጯሂው ነው። እሱን አይቶ ማን ይለዝባል?

ይልቅ አንድ ሰው፣ በአካል ወይም በስልክ። ጎበዝ ተከራካሪ መሆን የለበትም፤ የምታከብሩት ይሁን እንጂ። እኔ ወደ አጎቴ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ምን ቢያዩ ነው ሐሳብዎን የሚቀይሩት?»

«ምንም።»

ዝም አልኩ። ወሬ ቀየርን። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ በራሱ ተመለሰበት፦ «ልጆቹ አባታቸው ያላቸውን ሳይሆን የራሳቸውን እንደሚመርጡ ካሳየኸኝ፣ አስብበታለሁ።»

እቤት ስገባ የሱን አቋም በአራት መስመር ጻፍኩና ደውዬ አነበብኩለት። ሁለት ቦታ አረመኝ። ሦስተኛው ላይ «አዎ፣ እኔ ያልኩት ይሄንን ነው» አለ። ይህ ደረጃ የሚያልቀው ይህን ስትሰሙ ነው። እስከዚያ ድረስ የምትከራከሩት ከራሳችሁ ጋር ነው።

7. አቋማችሁን በአራት መስመር ጻፉ

መስመር አንድ፣ አቋሙ። መስመር ሁለት፣ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆናችሁ በመቶኛ። መስመር ሦስት፣ ምን ብታዩ እንደምትቀይሩት። ይህ ባዶ ከቀረ ወደ አራተኛው ደረጃ ተመለሱ። መስመር አራት፣ ቀኑ። ከዚያ ደብተሩን ዘግታችሁ ለሳምንት አትንኩት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

8. ሼር የማድረግ ነገር

«የሰማ ላልሰማ ያሰማ» የሚለው አዋጅ ለዚህ ዘመን ትንሽ ማሻሻያ ይፈልጋል። ያላነበበ አያሰማ። ትዊተር በ2020 ሊንኩን ሳይከፍቱ ሼር ሊያደርጉ ላሉ ሰዎች «መጀመሪያ አታነቡትም?» ዓይነት ጥያቄ አመጣባቸው። ጽሑፉን የሚከፍቱት በ40 በመቶ ጨመሩ። ጥያቄው ይህችው ናት፤ አፑ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ። ተሳስታችሁ ከላካችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ አታጥፉ። እዚያው ግሩፕ ላይ፣ በዚያው ድምፅ፣ ተሳስቻለሁ በሉ። ታፍራላችሁ፣ አውቃለሁ።

የኔ ገጽ ላይ አሁን ያለው እንዲህ ይላል፦ «ይውረድ እላለሁ፣ መጀመሪያ ለአካባቢ ምርጫ። 70 በመቶ። ልጆቹ የወላጃቸውን ድምፅ ብቻ እንደሚደግሙ የሚያሳይ ጥሩ መረጃ ካየሁ እቀይራለሁ።» ከሥሩ ቀን አለ።

ባለፈው ለአክስቴ ልጅ አሳየኋት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። አነበበችና ሳቀች። «እኔ እቃወማለሁ» አለች። «ክፍላችን ውስጥ ግማሹ የሚመርጠው ያችን ሳምንት ቫይራል የሆነውን ሰው ነው።»

እስክሪብቶ ፈለግኩ። 70ውን ሰርዤ 60 አልኩት፣ ቀኑንም ቀየርኩ።